ሱፉን የበሉት በቀቀኖች

በቀቀን ቆንጆ ወፍ ነው የሚል ሰው ሱፍ ዘርቶ አያውቅም። እኛ ዘርተን ነበር። ዛሬ ካዛንቺስ የሚባለው ሰፈር ያን ጊዜ ስሙም ቤቱም አልነበረም። ከደጃችን ጀምሮ ቁልቁል እስከ ወንዙ ሰንበሌጥ ነው፤ ሰው ከገባበት ራሱ ብቻ ነው የሚታየው። በሰንበሌጡና በቤታችን መካከል ባለችው ቁራጭ መሬት አባቴ በየዓመቱ ሱፍ ይዘራል። ሱፉ አንገቱን መድፋት ሲጀምር በቀቀኖቹ እየተንጫጩ ይመጣሉ። አረንጓዴ ናቸው፤ የወንዱ ግንባር ቀይ ነው፣ ክንፋቸውን ሲዘረጉ ከሥሩ ጥቁር ይታያል። አባቴ በወንጭፍ ሲያባርራቸውና ሲሰድባቸው ይውልና ማታ ድምፁ ይዘጋል። እናቴ፣ «ተው፣ ስድቡን ለምደው ይመልሱልሃል» እያለች ትስቅበት ነበር።

ከተማው በተቃጠለበት በዚያ የየካቲት ሰሞን ጣሊያኖች አባቴን ከደጃችን በካሚዮን ጭነው ወሰዱት። ወዴት እንደወሰዱት የነገረን የለም። አንዱ ሶማሌ በረሃ ነው አለ፣ ሌላው ጣሊያን አገር ነው አለ፣ ሦስተኛው ምንም ሳይል እናቴን አይቶ አቀረቀረ። እናቴ ሦስተኛውን ሰው ከዚያ ወዲያ ሰላም ብላው አታውቅም። አክስቴ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ትኖር ነበርና ልጆችሽን ይዘሽ ነይ እያለች ለመነቻት። እናቴ ግን፣ «የሚያውቀው ይሄን ደጅ ነው። ሲፈቱት ወዴት ይምጣ?» ትላለች። ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። ያችን ቤት ሳትለቅ ልትጠብቀው ቆረጠች።

መስቀል አልፎ ሣሩ ቢጫ ሲሆን አንድ ጣሊያን በቀቀን ፎቶ ሊያነሳ መምጣት ጀመረ። ሹም ነው ይሉታል፣ የምን ሹም እንደሆነ እንጃ። እኔ የማውቀው ጫማውን ነው። ባለ ሦስት እግር ካሜራውን ሱፉ ዳር ተክሎ በሣር ይሸፍነውና፣ ረጅም ገመድ ይዞ ሰንበሌጡ ውስጥ በሆዱ ይተኛል፤ ከውጭ የሚታየው ጫማው ብቻ ነው። ወፎቹ ወርደው ሲያርፉ ገመዱን ይስባል። ከእሱ ጋር ጣሊያንኛ ከሚሲዮን የለመደ የቂርቆስ ሰው በአስተርጓሚነት ይመጣል።

አስተርጓሚው የመጀመሪያ ቀን፣ «እትዬ፣ ወፎቹን ከሱፉ እንዳታባርሩ ብሏል» አላት።

ሱፉ የጾም ምግባችን ነው፤ ያን ክረምት የዘራነውም ከአባቴ በቀረው ዘር ነበር። እናቴ ጥቂት አሰበችና፣ «እሺ፣ አላባርርም። እሱ ደግሞ ወፎቹን ሲጨርስ እኛን ያንሳን በሉልኝ። አባታቸው ሲመጣ፣ እሱ ሳያያቸው እንዴት እንዳደጉ ይይ» አለች።

ሁለቱ በጣሊያንኛ ተነጋገሩ። ጣሊያኑ ሳቅ አለ። አስተርጓሚው፣ «እሺ ብሏል» አለን። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄ ነው፤ እናቴ ግን ወተቷን ጭምር ያየች መሰላት። ሳይደግስ አይጣላም እያለች መዝሙር ስታንጎራጉር የሰማኋት ከየካቲት ወዲህ ያን ቀን ነው።

በቀቀኖቹም በሉ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ወንጭፋችንን ታቅፈን፣ የአባታችንን ሱፍ አንድ በአንድ ሲፈለፍሉት እያየን ተቀመጥን። ገለባው እንደ ዝናብ ይወርዳል። አንድ ጊዜ ወንድሜ ድንጋይ ቢያነሳ እናቴ እጁን መታችው። ወፎቹን ጠላኋቸው፤ ውበታቸው ራሱ አስጠላኝ። አንድ ቀን ሰውዬው ያነሳውን አሳየን። ሁለት ወፎች ሱፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ ከኋላቸው ሣር አለ፣ ሁሉም አመድ የመሰለ ነው።

እናቴ፣ «አረንጓዴው የት ሄደ?» አለች።

«ፎቶ ላይ ቀለም አይወጣም፣ እትዬ» አላት አስተርጓሚው።

«ታዲያ ይሄን ያህል ምን ሲፈልግ ከረመ?» አለች። እሱ ይህን አላስተረጎመም።

ከዚያ በኋላ ጣሊያኑ ቀረ። ሱፉም አለቀ፣ አገዳው ብቻ ቆሞ ቀረ። እናቴ አንድ ቀን ይመጣል እያለች ስትጠብቅ አስተርጓሚው ብቻውን መጣ። አጥሩን አልፎ አልገባም። መሬት መሬት እያየ፣ «ነገ ሊያነሷችሁ ይመጣሉ፣ ተዘጋጁ» ብሎ ተመልሶ ሄደ።

እናቴ ውሃ አሙቃ አጠበችን። የጥምቀት ልብሳችንን አለበሰችን፣ የራሷን ጸጉር ቅቤ ቀባች። በነጋታው ሦስት ነጮች መጡና ባለ ሦስት እግራቸውን ሜዳው ላይ ተከሉ። ያኛውም ባለ ሦስት እግር ነበር፣ ይሄኛውም ባለ ሦስት እግር ነው፣ ላዩ ላይ መስታወት አለው፤ እኛ ምን እናውቃለን? እናቴ ከቤቱ ፊት ለፊት አቆመችን። እኔና ወንድሜን በአንድ በኩል አድርጋ እሷ በሌላው በኩል ቆመች፤ በመካከላችን የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ተወች። «እንዳትተነፍሱ» አለችን።

አንደኛው በመስታወቱ አየን። ከዚያ በእጁ ወደ ግራ ሂዱ አለን፤ ቦታውን እንደያዝን ወደ ግራ ሄድን። እንደገና በቁጣ ወደ ግራ አለን። እናቴ አሁንም ቦታውን ሳትዘጋ አስጠጋችን። እንዲህ እያለ ከመስታወቱ አስወጣን። ሁለተኛው ጫፉ ቀይ የተቀባ ችካል ይዞ መጣና መጀመሪያ የቆምንበት ላይ፣ ለአባቴ በተውነው ቦታ መታው።

አስተርጓሚው ከኋላቸው ደረሰ። «እትዬ፣ ዕቃ አላወጣችሁም እንዴ?»

«የምን ዕቃ?»

«ነግሬሽ ነበር እኮ። ሊያነሷችሁ ነው አላልኩም? ከቦታው ነው። ለሹማምንቱ ቤት ሊሠሩበት ነው።»

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። እናቴ ቀሚሷን ቁልቁል አየችና በቀስታ፣ «እኔ ፎቶውን መስሎኝ» አለች። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቀብር ቆሜያለሁ፤ አንጀቴ እንደዚያ ቀን ተቆርጦ አያውቅም። ዛሬ የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ደግነው «እማማ፣ ነይ ተነሺ» ሲሉኝ የወንበሩን ክንድ እይዛለሁ። ይስቁብኛል፣ እኔም ምክንያቱን አልነግራቸውም።

በዚያው ቀን የጥምቀት ልብሳችንን እንደለበስን ዕቃችንን ተሸክመን አክስቴ ቤት ገባን። ቀን ሠራተኞቹ ሰንበሌጡን ማጨድ ሲጀምሩ በቀቀኖቹም ተነሱ። ጎረቤቶቻችንም እንደኛ ተነስተው ስለተበታተኑ፣ አባቴ ቢመጣ የሄድንበትን የሚነግረው ሰው እዚያ አልቀረም። እናቴ በየጧቱ ከቂርቆስ እየወጣች አዲሶቹ ቤቶች ከሚሠሩበት መንገድ ዳር ትቀመጣለች። ዘቡ ያባርራታል፣ ተመልሳ ትመጣለች። አንድ ቀን በአለንጋ ገረፋት። ጀርባዋ ከዳነ በኋላም አልሄደችም። ከአክስቴ ግቢ፣ መንገዱን ከሚጋርደው ረጅም የባሕር ዛፍ አጥር ሥር ተቀምጣ ጥጥ ትፈትላለች፣ አትናገርም። ተስፋ የቆረጠ ሰው ያለቅሳል ይሉኝ ነበር፤ እናቴ አላለቀሰችም፣ ፈተለች።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ በቂርቆስ ንግሥ ዕለት፣ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውስጥ እናቴ አጠገብ አንዲት ሴት ተቀመጠች። ካዛንቺስ ከነጮቹ ቤት ልብስ አጣቢ ነበርኩ ብላ ወሬ ጀመረች። እናቴ ቦታውን ጠየቀቻት፤ የኛው ቦታ ነው።

«አንድ ቀን አንድ የከሳ ሰውዬ መጥቶ እደጁ ቆመ» አለች ሴትየዋ። «እዚህ የነበሩት የት ሄዱ? አለኝ። ተነስተዋል አልኩት። ወዴት? አለኝ፤ እኔ ምኑን አውቄ።»

እናቴ፣ «ሌላ ሰው ነው። የተነሳው እኮ ብዙ ነው» አለች።

«ይሆናል፣ እህቴ። ትንሽ የነካውም መሰለኝ፤ አትክልቱን ቆሞ አየና፣ ሱፉን ወፍ ጨረሰባቸው እንዴ? አለኝ።»

እናቴ እጄን ያዘች። «ከዚያስ?» አለች።

«ከዚያማ ቁልቁል ወደ ቄራ ወረደ።»

ከዚያ ተነስቶ ወደ ቄራ የሚወርድ ሰው በአክስቴ አጥር ሥር ነው የሚያልፈው። መቼ እንደነበር እናቴ አልጠየቀችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ቄራን ቤት ለቤት ጠየቅን፣ አየሁት ያለ ሰው አላገኘንም።

በንግሡ ማግስት ከእንቅልፌ ስነቃ እናቴ ግቢው ውስጥ አጥሩን እየነቀለች ነው። እንጨቱን አንድ በአንድ ወዝውዛ እያወጣች ወደ ማድቤቱ ትወረውራለች፤ መዳፏ ደምቷል። አክስቴ በሩ ላይ ቆማ ጥቂት አየቻት። ከዚያ ነጠላዋን አደግድጋ በሌላው ጫፍ በኩል መንቀል ጀመረች።