ነዳጅ ብቻውን አያዛልቅም

ከኮሶዬ ወደ ጎንደር በሚወርደው አውቶቡስ ከጎኔ የተቀመጠው ሽበታም ሰው በሱፍ ኮቱ ላይ ጋቢ ደርቦ፣ በዚያ ብርድ ነጠላ ጫማ አድርጓል። ማንነቱን ለመጠየቅ አፈርኩ፤ ከፊታችን ያለችው ባላገር ግን አላፈረችም።

«ዓረብ አገር የሠራተኛውን ኑሮ አጠናለሁ» አላት። «ለአገሬው ‹ነዳጅ ብቻውን አያዛልቃችሁም፤ ሌላ ሥራም ልመዱ› ብዬ ብጽፍ፣ አለቆቼ ‹ሰርዝ፣ አለዚያ ተሰናበት› አሉኝ።»

«ምነው አያ፣ እርስዎ ቢሰርዙት? እነሱ እንደሆኑ ጠግበዋል።»

«እናንተስ ምነው ገብሱን ከስንዴ ቀላቅላችሁ ትዘራላችሁ?»

«አንዱን ውርጭ ቢመታው አንዱ ይተርፋላ።»

«እኔም ያልኳቸው ይህንኑ ነው።»

«እንጀራዎትን ቢነሱዎትስ?»

«ይንሱኝ» አለ፣ አውቶቡሱ ሁሉ እየሰማው። «የጻፍኩትን ይዤ ነገ ወደዚያው ዓረብ አገር እመለሳለሁ፤ አንዲት ፊደል አልሰርዝም።»