ለቲማቲሙ ያሳደግነው ሻጋታ

ሰመራ ላይ መብራት ከጠፋ ሙቀቱ ማንንም አይምርም። በማስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ውስጥ ስንት ወር የደከምኩበት አረንጓዴ ፈንገስ ማቀዝቀዣው በቆመበት ቅዳሜና እሁድ ከአንዲት የናሙና ቱቦ በቀር አለቀ። ሰኞ ስገባ ማሳደጊያ ሳህኖቹ ላይ ደርቆ ተጣብቋል።

ፈንገሱን የፈለግሁት አዋሽ ሰባት ኪሎ ላሉ የወላጆቼ ጎረቤት ነው። እትዬ የምላቸው እኚህ ሴት አዋሽ ወንዝ ዳር መሬት ተከራይተው ቲማቲም ያለማሉ። ባለፈው ወቅት ማሳቸው ፍሬ ሲይዝ ጠወለገ። አንዱን ግንድ ሰንጥቄ ሳየው ውስጡ ቡናማ ሆኗል፤ አፈር ውስጥ የሚኖር በሽታ አምጪ ፈንገስ በሥሩ ገብቶበታል። ቅጠል ላይ የረጩት መድኃኒት አልደረሰበትም። የእኔው አረንጓዴ ግን እዚያው አፈር ውስጥ ኢንዛይም አመንጭቶ የጠላቱን ሽፋን ያሟሟና ይበላዋል።

"ይቅርብሽ፣ በዚህ ሙቀት አይሆንም" አለኝ የሥራ ባልደረባዬ።

"ሰመራ ካልሆነ አዋሽ ይሆናል" አልኩት።

የተረፈችውን አንዲት ቱቦ በበረዶ ሣጥን ይዤ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። መንገድ ላይ አዳይቱ ከተማ ስንደርስ በረዶው ቀልጦ ስላለቀ ቀዝቃዛ የታሸገ ውኃ ገዝቼ ዙሪያዋን ከበብኳት።

አባቴ የባቡር ጣቢያ ጡረተኛ ነው፤ ቤታችን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ቀን እንኳ ውስጡ የሚቀዘቅዝ የድሮ ቤት ነው። ያመጣሁትን ስነግራት እናቴ ዓይኗን አፈጠጠች።

"ዕድሜዬን ሙሉ ሻጋታ ስጥል ኖሬ አሁን በቤቴ ልታሳድጊ?"

"እማ፣ ይኼኛው ይጠቅማል።"

"በይ ቢስሚላህ ብለሽ ጀምሪ። ወጥ ቤቴ ግን እንዳይገባ!"

ፉርሽካ በእንፋሎት አብስዬ ሲቀዘቅዝ ከፈንገሱ ጋር ለወስኩትና በከረጢት በከረጢት አሰርኩት። የመጀመሪያዎቹ ከረጢቶች ጥቁር ሻጋታ ገባባቸውና ጣልኳቸው። እንደገና ጀመርኩ። አባቴ መስኮቱ ላይ ጆንያ ሰቅሎ ክፍሉ እንዲቀዘቅዝ ጧት ማታ ውኃ ያርከፈክፍበት ነበር። በሁለተኛው ሙከራ ፉርሽካው ከዳር እስከ ዳር አረንጓዴ ለበሰ፤ አባቴ እንደ ልጅ ሳቀ።

እትዬ ግን አልተዋጠላቸውም። "በሽታው ፈንገስ ነው ካልሽ፣ ሌላ ፈንገስ ልትጨምሪበት ነው?"

"እሾህን በእሾህ ነው፣ እትዬ።"

"ግማሹን ማሳ ሞክሪ። ከሞተ እኔና አንቺ አንተዋወቅም" አሉኝ።

ፀሐይ ስትበርድ ፉርሽካውን ከብስባሽ ጋር እያደባለቅን በግማሹ ማሳ በየጉድጓዱ ጨመርን፤ ችግኙንም ተከልን። ከዚያ በኋላ ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር ከሰመራ እየመጣሁ ሥሩን አየሁ። ፈንገሱን በጨመርንበት በኩል እዚህም እዚያም የጠወለገ ነበር። ያልታከመው ወገን ግን መስመር በመስመር ወደቀ።

ለቀማ ሲጀመር እትዬ ሣጥኑን ሞልተው ቀና አሉ።

"በሚቀጥለው ሙሉውን አድርጊልኝ።"

"አደርጋለሁ፤ ግን ቲማቲም በቲማቲም ላይ አይደጋገም፤ በሽታው አፈሩ ውስጥ ይበረታል። መጀመሪያ በቆሎ ይዝሩበት።"

"ደግሞ ታዢኛለሽ?" ብለው ተቆጡ። ረጅም ተከራከርን። በመጨረሻ በቆሎውን ዘሩ፤ እኔም ለቀጣዩ ቲማቲም አዲስ ፉርሽካ ልገዛ ገበያ ወጣሁ።