የቁራጭ እንጨት ቤት

ወገዳ ከተማ ከማስተምርበት ክፍል ጀርባ አናጺው አንድ አሮጌ ቁም ሣጥን ሲሰነጥቅ የጽድ ሽታ በመስኮት ገባና ጠመኔ እንደያዝኩ አቆመኝ። ተማሪዎቼ ቀና ብለው ያዩኛል፤ እኔ ግን ሃምሳ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ ሴትዮ፣ ቤተ ልሔም ገዳም አጠገብ ካለችው ያባቴ ቤት ደጃፍ ደርሻለሁ።

አባቴ እንጨት ሰንጣቂ ነበር። አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆኖ በሚሳብ ረጅም መጋዝ፣ ከባልንጀራው ከጋሼ ዓለሙ ጋር ያገሩን ጽድና ዋንዛ ጣውላ ሲያደርግ ኖረ። ላሠሪው ሁሉ የሚያቀርባት አንዲት ልመና ነበረችው፤ ከጫፍ የተረፈችውን ቁራጭ ለኔ ተዉልኝ ይላል። ቤታችንን የሠራት በዚያች ቁራጭ ነው። አንዱ ሳንቃ ቀይ፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ክንድ ተኩል፣ አንዱ ስንዝር፤ ግድግዳዋ ድሪቶ ይመስል ነበር። እኔን ስትወልድ የሞተችው እናቴ "ሰው ድሪቶ ይለብሳል እንጂ ይኖርበታል?" እያለች ትስቅበት ነበር አሉ።

ለአባቴ ግን እያንዳንዷ ቁራጭ ባለቤት ነበራት። እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግድግዳውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ ይቺ የቤተ ክርስቲያኑ በር ናት፣ ይቺ የወንዙ ድልድይ ናት፣ ይቺ የእንትና ልጅ የሙሽርነት ሣጥን ናት እያለ ከመቃኑ ጀምሮ እስከ ጓዳው ይዘልቃል። ጋሼ ዓለሙ ከሞቱ በኋላ መጋዙን ምስማር ላይ ሰቀለው፤ ብቻውን አይሳብማ። ሌላ ባልንጀራም አልፈለገም። ያን ጊዜ ቆጠራው በየቀኑ ሆነ። እኔ ደብተሬ ላይ እንዳቀረቀርኩ "እሺ አባባ" እላለሁ፤ አንዷንም አልሰማም። ደብረ ታቦር መምህርነት ስማር ለእረፍት በመጣሁ ቁጥር ገና ሲጀምር "ነግረውኛል እኮ አባባ!" ብዬ አቋርጠዋለሁ። ፈገግ ብሎ እጁን ከግድግዳው ያነሳል። ብቸኝነቱ አሁን ነው የገባኝ፤ እኔን ሊያስተምር ሳይሆን ያን ሁሉ ሰው ቤቱ ጠርቶ አብሮት ሊያመሽ ነበር።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ቤቱ ተዘግቶ ኖሮ፣ ዘንድሮ መንገዱ ሲሰፋ ይፈርሳል ተባለ። ቅዳሜ ዕለት ከወረዳው አንድ ትሑት ወጣት የባህል ባለሙያ አብሮኝ ሄደ። ቤቱን ሲያይ አፉን ከፍቶ ቀረ። የእያንዳንዱ ሳንቃ ታሪክ ከተጻፈ በቅርስነት ይመዘገባል፣ መንገዱም ዞር ይላል አለኝ። እየሮጥኩ ከፈትኩለት።

"መምህርት፣ ይቺ የማን ናት?"

"የቤተ ክርስቲያኑ በር።"

ስልኩ ላይ ጻፈ። ድልድዩንም ነገርኩት፣ የሙሽራዋንም ሣጥን። አራተኛዋ ላይ መዳፌን አሳረፍኩ፤ የማን እንደነበረች አልመጣልኝም። አምስተኛዋም ላይ እንዲሁ። ልጁ ጨዋ ነው፤ ሳያቻኩለኝ እስከ ጓዳው ድረስ አብሮኝ ዞረ። የመጣልኝን ስም ብጠራለት ይጽፍ ነበር፤ ምላሴ ጫፍ ደርሶም ነበር። ግን ባባቴ ግድግዳ ላይ ያልነበረ ሰው መለጠፍ አልሆነልኝም።

"ግድ የለም" አለኝ አዝኖልኝ። "አባትዎ የነገሩት ሌላ ሰው አይጠፋም፤ እሱን እንጠይቃለን።"

"ለእኔ ብቻ ነው የነገረኝ" አልኩት።