ሶርሳን ፍለጋ

ፋንታዬ ሻንቆ ወንድሟ በሕይወት አለ ብላ አርባ ዓመት ኖረች። ሶዶ ገበያ ቅቤ እየሸጠች አንድ ልጇን ሚልክያስን አሳድጋ አስተማረች። ፈረንጅ ሲያልፍ ባየች ቁጥር ግን ቀና ትልና አብሮት የሚሄደውን ሰው ፊት ትመረምራለች።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ያኔ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ ሞቷል፤ እናቷ ተበላ በምትባል ከተማ ዘመድ ቤት ታማ ተኝታለች። የስድስት ዓመት ወንድሟን ሶርሳን አዝላ በዴሳ አጠገብ ወደ ተተከለው የእርዳታ ጣቢያ አደረሰችው። አንዲት ፈረንጅ ነርስ ተቀብላ የሕሙማን ድንኳን ውስጥ አስተኛችው። ፋንታዬ እናቷን ልታመጣ ሄደች። በዘጠነኛው ቀን እናቷን ቀብራ ብቻዋን ስትመለስ በሶርሳ ምንጣፍ ላይ ሌላ ልጅ ተኝቷል። ዘበኛው፣ «የባሰባቸውን ፈረንጆቹ በመኪና ትልቅ ሆስፒታል ወስደዋቸዋል» አላት። ከዚያ ወዲያ ወሬው ጠፋ።

ሚልክያስ አድጎ ሶዶ ውስጥ የታሪክ አስተማሪ ሆነ። «ሰው የነገራችሁን ያዙ፤ ግን በዕለቱ እዚያ የነበረ ሰው የጻፈውን ፈልጉ» ይላል ለተማሪዎቹ። አንድ ቀን ናዲያ የምትባል ተማሪ፣ «ቲቸር፣ እኛ እዚህ ተቀምጠን ከየት እናገኘዋለን?» ብላ ጠየቀችው። ደብዳቤና ፎቶግራፍ ኢንተርኔት ላይ የሚያስቀምጡ የውጭ አገር ቤተ መዛግብትን አሳያቸው። ወደ ቤቱ ሲሄድ ግን አፈረ። ለተማሪ የሚያስተምረውን ለገዛ እናቱ አንድ ቀን እንኳ ሞክሮት አያውቅም።

ፍለጋው ሁለት ዓመት ፈጀ። «ወላይታ» ብሎ ሲጽፍ ምንም አልመጣለትም፤ አገሩ ያኔ በሲዳሞ ክፍለ ሀገር ሥር እንደነበር ትዝ ሲለው በሩ ገርበብ አለለት። በዴሳን ፈረንጆቹ በአምስት ዓይነት ፊደል ጽፈዋታል፤ ሐረርጌ ያለችው ሌላዋ በዴሳ ደግሞ አንድ ሳምንት ሙሉ አሳሳተችው። የእኛን ወሮች ወደ እነሱ ወሮች ሲመልስ ደብተር ጨረሰ። በመጨረሻ በአንድ የእርዳታ ማኅበር የሰነዶች ዝርዝር ውስጥ አንዲት መስመር አገኘ፤ «የነርስ የዕለት መዝገብ፣ በዴሳ»። መዝገቡ ግን ዝግ ነው። ደብዳቤ ቢጽፍ መዝገብ ጠባቂዋ፣ «የሕሙማን ስም ስላለበት አርባ ዓመት እስኪሞላው አይከፈትም። በሚመጣው ጥር ይከፈታል» ብላ መለሰችለት።

ጥር ላይ መቶ አሥራ አራት ገጽ ወረደለት። ሶርሳን በአርባ አንደኛው ገጽ አገኘው። ስልኩን ደረቱ ላይ አስደግፎ ብዙ ቆየ። ለሦስት ቀን ለእናቱ ምንም አልተናገረም፤ በአራተኛው ከገበያ ስትመለስ ጠብቆ አጠገቧ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ የሶርሳን ወሬ አገኘሁ።»

ፊቱን አየችና ነጠላዋን ሰብሰብ አደረገች። «ሞቷል?»

«በገባ በስድስተኛው ቀን።»

«አንብብልኝ» አለችው።

ከእንግሊዝኛው ወደ ወላይትኛ እየመለሰ አነበበላት፤ ክብደቱን፣ ትኩሳቱን፣ የተሰጠውን ወተት። አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ተያዘ፤ ከዚያ ቀጠለ።

«ዘለልክ» አለች ፋንታዬ።

«ምንም የለበትም።»

«ፊደል ባልቆጥርም ያሳደግኩትን ልጅ ድምፅ አውቃለሁ። የዘለልከውን አንብብ።»

አነበበ። «ልጁ ሌሊቱን እህቱን ሲጠራ አደረ። እጄን ስሰጠው እህቱ መስዬው ዝም አለ። ሲነጋ አረፈ።» ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ነርሷ እንዲህ ብላ ጽፋለች፤ «እህትየው ተመለሰች። እውነቱን ልነግራት አቅም አጣሁ። ወደ ሆስፒታል ተወስዷል በላት ብዬ ዘበኛውን ላክሁት። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።»

ፋንታዬ እንባ አልወጣትም። «እኔም ልጅ ነበርኩ» አለች። «አዝናልኝ ነው። ግን ብትነግረኝ ያኔውኑ አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። እኔ ለአንድ ሞት አርባ ዓመት ቆምኩ።»

በማግስቱ በሚኒባስ በዴሳ ወረዱ። ጣቢያው የነበረበት ቦታ የበቆሎ ማሳ ሆኗል። ቶማ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ከማሳው ጥግ ሣር የበቀለበትን ጠባብ መሬት አሳዩአቸው። «አባቴ በዚህ በኩል በሬ አታሳልፍ ብሎኝ ነው የሞተው» አሉ። የትኛው መቃብር የሶርሳ እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ፋንታዬ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፤ እንባዋ የመጣው ያኔ ነው።

ሶዶ ሲመለሱ ደጃቸው ላይ ድንኳን ተተከለ። ለአርባ ዓመት ሞት ለቅሶ አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ጎረቤቱ መጀመሪያ ግራ ተጋባ፤ ወጣቱ ወንጌላዊም ምን እንደሚል ጨነቀው። ኋላ ግን ሁሉም መጣ። በእነሱም ቤት ሳይለቀስለት የቀረ ብዙ ሰው ነበር።

በሦስተኛው ቀን አንዲት አሮጊት ምርኩዛቸውን ይዘው ከበዴሳ መጡ። ወሬውን ከቶማ ሰምተው ነው። ፋንታዬን አጽናንተው ሲያበቁ ወደ ሚልክያስ ዞሩ።

«ልጄ፣ እኔም እዚያ ድንኳን ልጅ አስተኝቼ ነበር። በመኪና ወሰዷት ብለውኛል። ያ መዝገብ የእሷንም ስም ይዞ ይሆን?»

«ስሟ ማን ነበር?»

«ጸሐዬ። ግንባሯ ላይ የእሳት ጠባሳ አለባት።»

ሚልክያስ መዝገቡን ከዳር እስከ ዳር አንብቦታል። ስሙንም ጠባሳውንም፣ ከጎኑ የተጻፈውን ያረፈችበትን ቀንም ያስታውሳል። መልስ ከመስጠቱ በፊት ወንበር ስቦ አሮጊቷን አስቀመጣቸው፤ እሱም ከእግራቸው ሥር በርከክ አለ።