ሽታው ሲጠፋ
መሐሪ ቆቦ ላይ ባዮሎጂ ያስተምር ነበር። በየመን ጦርነት መሀል አቋርጦ ሳዑዲ፣ ጂዛን ሲገባ ጠመኔው በአካፋ ተተካ፤ አፉ ግን አላረፈም። አል-ዒዳቢ አንድ እርሻ ላይ አብረን የቀን ሥራ ስንሠራ ምሳ እንኳ ያለ ትምህርት አያስበላንም ነበር። እኔ አንዳርጌ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝና፣ እስቅበት ነበር።

በ2009 ዓ.ም. መድፍ ከድንበር ከተማዋ ከአል-ኹባ ያፈናቀላቸው ዘመዶች የእርሻውን ባለቤት ቤት አጨናነቁት። ባያራው፣ የመጸዳጃው ጉድጓድ፣ ሞላ። ውሃው በመኪና ተመጠጠና ሙዲሩ፣ የእርሻው አለቃ፣ ከሥር የቀረውን ዝቃጭ እንድንዝቅ አዘዘን።

ክዳኑን ስናነሳ የተበላሸ እንቁላል ሽታ አፍንጫችንን መታው። አብሮን የሚሠራው የባቲው ኡመር አፉን በሽርጡ ሸፍኖ ተራገመ።

“ይሄን ጋዝ እኮ ሰውነታችንም ይሠራዋል” አለ መሐሪ። “ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይባላል። በሕዋሳችን ውስጥ መልእክተኛ ነው። ፕሮቲን ላይ ድኝ ያለባት ቦታ አለች፤ እዚያች ላይ ሌላ ድኝ ይደረብና ፕሮቲኑ ሥራውን ይለውጣል። የደም ሥራችን የሚላላው አንዱ በዚህ ነው።”

“ታዲያ ቤተኛ ነዋ፣ ቲቸር!” አለ ኡመር።

ሁላችንም ሳቅን። መሐሪ ስለ መጠኑ ሊቀጥል ሲል ሙዲሩ “ያላ፣ አካፋ አምጣ!” ብሎ ጠራው፤ ሄደ።

በኡመር አገር የማሽላ ጉድጓድ ሲከፈት ሽታው እስኪወጣለት ይጠበቃል፤ ከዚያ ይገባል። እሱም እንዳደገበት አደረገ። ከጉድጓዱ አፍ ጎንበስ ብለን ቆየን። “ኸላስ፣ ጠፋ” አለና በመሰላሉ ወረደ። ለእኔም ጠፍቶልኝ ነበር።

መሐሪ ሲመለስ ይህንኑ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ።

“የጠፋው አፍንጫችሁ ነው! ውጣ፣ ኡመር!”

ኡመር ተንበርክኮ ነበር፤ ከዚያ በግንባሩ ተደፋ። ልወርድ ስል መሐሪ ወገቤን ጨምድዶ ያዘኝ። እጁን ነከስኩት፤ አልለቀቀኝም። ሕይወቴን ያተረፈው እሱ ነው፤ ያን ቀን ግን ጠላሁት። ኡመርን በገመድና በመንጠቆ ስናወጣው ትንፋሽ አልነበረውም።

በማግስቱ ለኡመር እህት ለሀጂራ የደወለው መሐሪ ራሱ ነው። ያው ጋዝ ሲበዛ ሕዋስ እንዳይተነፍስ እንደሚያደርግ፣ አፍንጫንም አስቀድሞ እንደሚያደነዝዝ አስረዳት። ብዙ አለቀሰች።

“ወንድሜ፣ ከመሀላችሁ ይሄን የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም?” አለችው።

መሐሪ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

“ነበር” አላት።