የጋሽ ተክሌ ምስክር

ባለፈው ቅዳሜ የልጅ ልጄን ፀጉር ላስቆርጥ ላፍቶ ካሉት፣ ከወለል እስከ ጣሪያ መስታወት ከሆኑት ፀጉር ቤቶች ወደ አንዱ ይዤው ገባሁ። ተራችንን ስንጠብቅ ቆራጩ ልጅ አንዱን ደንበኛ ጨርሶ መዳፉ ላይ ኮሎኛ ጠብ አደረገና የሰውየውን ማጅራት ጧ ጧ አደረገለት። በቃ፣ ያ ሽታ አፍንጫዬ ሲገባ እኔ ከዚያ ቤት ወጣሁ። የልጅ ልጄ ቀሚሴን ይጎትታል፣ እኔ ግን ጎፋ ነኝ፤ አሥር ዓመቴ ነው፤ አባቴ ፀጉር ቤት ውስጥ ካለችው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ እግሬን አወዛውዛለሁ፤ ከፊቴ ደግሞ ለሽምግልና ትንሽ የቀራቸው ሁለት ሰዎች ስለ ቦክስ ይጨቃጨቃሉ።

የአባቴ ፀጉር ቤት አንዲት ክፍል ነበረች። ከተሽከረከረች ብዙ ዓመት የሆናት ተሽከርካሪ ወንበር፣ ጥጉ የተሸረፈ ትልቅ መስታወት፣ ምላጭ የሚሳልበት የቆዳ ቀበቶ፣ ፀጉር ከመቁረጥ ይልቅ መንጨት የሚቀናው አንድ ቶንዶስ፣ ይኸው ነው ንብረቱ። ግድግዳው ላይ ቀበሌ ያስለጠፈው መፈክር ነበረ፤ ከሥሩ አባቴ በራሱ እጅ ጽሑፍ የራሱን መፈክር ለጥፏል፦ «ምላጭ ያረፈበት ሰው አይናገርም።» ሕጉ የወጣው ሰው እንዳይቆረጥ ነው። ጋሽ ተክሌና ጋሽ ሙዘይን ግን መሣሪያ አደረጉት። አንደኛው ወንበሩ ላይ ወጥቶ ፊቱ በሳሙና አረፋ እስኪሸፈን ሌላው አፉን ዘግቶ ይጠብቃል፤ ልክ ምላጩ ጉሮሮ ላይ ሲያርፍ ሳምንት ሙሉ ያጠራቀመውን ክርክር ያወርድበታል። የሚላጨው ሰው ዓይኑ እየተጉረጠረጠ፣ እጁ የወንበሩን መደገፊያ እየጨበጠ ሁሉንም ይሰማል። ከወንበሩ ሲወርድ ግማሹን መልስ ንዴቱ አስረስቶታል።

ጋሽ ተክሌ የፋብሪካ ዘበኛ ነበሩ። ጫፍና ጫፉን በጣታቸው እያሾሉ የሚያቆሙት ሪዛቸው ከሳቸው ቀድሞ ነበር በር የሚገባው። ጋሽ ሙዘይን ደግሞ ከስልጤ መጥተው ጎረቤታችን ሱቅ የከፈቱ፣ ስኳር ሲመዝኑም ሲከራከሩም የማይቸኩሉ ሰው ናቸው፤ የሳቸው ሪዝ በእስክርቢቶ የተሠመረች ነበር የምትመስለው። እሑድ የቀበሌው ስብሰባ ሲያልቅ፣ እጅ አውጥተው አጨብጭበው ሲያበቁ፣ ሁለቱም ቀጥ ብለው ወደ አባቴ ቤት ነው። በዚያ ዘመን አፍን እንደ ልብ የሚከፍቱበት ጉዳይ ጥቂት ነበር፤ ልጅ ብሆንም ድምፅ መቼ እንደሚቀነስ አውቅ ነበር። ስለ ቦክስ ሲሆን ግን ማን ማንን ይጠቁማል? ደጁን ከፍተው፣ አላፊ አግዳሚው እየሰማ፣ ጉሮሯቸው እስኪዘጋ ይጮሁ ነበር። አሁን ሳስበው ሳምንቱን ሙሉ የዋጡትን ሁሉ እዚያ ነበር የሚያስወጡት።

ጭቅጭቁ ሁሌም አንድ ነው፦ ሙሉ ቦክሰኛ ማነው? ሰባት ነገር ያሟላ ነው ሙሉ፤ ይህን ተስማምተዋል። ቡጢ፣ እግር፣ ትንፋሽ፣ ዓይን፣ መንጋጋ፣ ልብ፣ ጠባይ። አባቴ ዳኛ ስለሆነ ሰባቱን በሳሙና ቁራጭ መስታወቱ ላይ ጽፎ ነጥብ ይይዛል፤ ማታ ማታ በእርጥብ ጨርቅ ይጠርገዋል፤ እሑድ እንደገና ከሀ ይጀመራል። የጋሽ ተክሌ ሰው ግርማ ዶዘር ነበር፤ የመታው ሁሉ የሚዘረር፣ እሱ ግን ቢመቱት ንቅንቅ የማይል። የጋሽ ሙዘይን ደግሞ ግራኙ ሸምሱ፤ ሦስት ዙር ሙሉ ላብ እንጂ ቡጢ ሳይነካው በነጥብ አሸንፎ የሚወርድ። ጋሽ ሙዘይን ጀርባን ሰጥቶ እየሮጡ ማሸነፍማ ሚዳቋም ትችላለች ሲባሉ፣ ሰው ግድግዳ ነው እንዴ ቆሞ የሚደበደበው ይላሉ። ጋሽ ተክሌ ሲጨንቃቸው የሚመዙት ክርክር አንድ ነው፤ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው፣ እንደ ጥንቱ ባለጉዳይ አንድ እግራቸውን አስቀድመው፣ የግርማ መንጋጋ እስከ ዛሬ ተሰብሮ አያውቅም፣ አይሰበርምም ይላሉ። ይህን ባሉ ቁጥር አባቴ ያስለው ነበር። እኔ የፀጉር ብናኝ ይመስለኝ ነበር።

እኔ ግን የራሴ ጉዳይ ነበረኝ። እናቴ ሳጥን ውስጥ ከነጠላው ሥር ቆዳቸው የተሰነጣጠቀ ቀይ የቦክስ ጓንቶች አግኝቼ ነበር። የማን ናቸው ብላት አንዴ ጓንቶቹን አንዴ እኔን አየችና፣ አባትሽ ምሎ የተወው ነገር ነው፣ ምላስሽን ሰብስቢ አለችኝ። አባቴ! ያ ቀጭን፣ ድምፁ የማይሰማ፣ ቦክስ ሊያይ ሰፈሩ ሁሉ ሲሄድ ደም አልወድም ብሎ የሚቀር፣ ሕፃን ሲያለቅስበት ቶንዶሱን አስቀምጦ ከረሜላ የሚፈልግ ሰው! ምላሴን የት ልሰብስብ፤ በማግሥቱ አጠገቤ ለምትቀመጠው ልጅ ነገርኳት። እሷ ለክፍሉ ነገረች። ክፍሉ ሳቀብኝ፤ «የቦክሰኛው ልጅ» እያሉ በወሬ የፈጠርኩት አባት አስመሰሉብኝ። ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ አግዳሚዋ ላይ የምቀመጠው ለአንድ ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ቀን፣ አንድ ሰው፣ የአባቴን ስም መስታወቱ ላይ ቢያስጽፍ። አንድ ጊዜ ብቻ። እኔ ብናገር መሐላውን መስበር ነው፤ እሱም አይናገርም።

ከእሑዶቹ በአንዱ ነገሩ ከረረ። ጋሽ ሙዘይን፣ አላፊ አግዳሚው በሰማበት፣ ይህ ሁሉ ወሬ ነው፣ ምስክር አለህ ወይ ብለው ጠየቁ። ጋሽ ተክሌ ደማቸው ፈላና ምስክር እቆጥራለሁ አሉ፤ ያውም ግርማን ራሱን! እንግዲያው ሪዝ ይያዝ ተባለ። ምስክሩ ሙሉ ቦክሰኛ ብሎ የራሱን ስም ከጠራ የጋሽ ሙዘይን ሪዝ ይላጫል፤ የሸምሱን ከጠራ የጋሽ ተክሌ። አባቴ ይቅርባችሁ፣ የሰው ጢም ቀልድ አይደለም አለ። ማን ሰምቶት። ጋሽ ተክሌ ምስክራቸውን ቆጠሩ እንጂ ምን እንደሚመሰክር አልጠየቁትም። ይሄንን ስህተት ተሟግቶ ያደገ ሰው መሥራት አልነበረበትም።

በሳምንቱ ግርማ ዶዘር በጋሽ ተክሌ ፋብሪካ በኩል ተጠርቶ መጣ። በሩን ሞላው። አባቴ ብሩሹን እንደያዘ ቀረ፤ ግርማም እግሩን ደፉ ላይ እንዳደረገ ቆመ። ሁለቱ ተያዩ። ግርማ አፉን ሊከፍት ሲል አባቴ ቶሎ ብሎ «ቁጭ በል» አለውና ሳሙናውን እስከ ከንፈሩ ድረስ ለቀለቀው።

እንደዚያ ያለ መላጨት አይቼ አላውቅም። ጋሽ ተክሌ ቆመው ያስረዳሉ፣ ጋሽ ሙዘይን ይቃወማሉ፣ ደጁ በሰው ተሞልቷል፣ ምስክሩ ከአረፋው በላይ ዓይኑ ይስቃል፤ አባቴ ግን ይላጫል። ጨረሰ ስንል እንደገና ሳሙና ይቀባል። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ፣ ሦስተኛ ከሥር ወደ ላይ። በመጨረሻ ግርማ የምላጩን እጅ በሁለት ጣቱ ቀስ አድርጎ ያዘ።

«ላቀው፣ ከእንግዲህ የቀረህ ቆዳዬ ነው» አለው።

ስሙን ከየት አወቀው? ግርማ ወደ ጋሽ ተክሌ ዞረና እጃቸውን ይዞ መንጋጋው ላይ አሳረፈው። እንኮይ ፍሬ የምታክል የአጥንት ጉብታ ነበረች።

«ይዳብሱ ጋሽ ተክሌ። ይህ መንጋጋ ተሰብሯል። ድሬዳዋ፣ ገና ጎረምሳ ሳለሁ፣ በሁለተኛው ዙር። የሰበረው ይኸ ሰውዬ ነው።»

ጋሽ ተክሌ እጃቸው እዚያው ቀረ። ግርማ ቀጠለ፤ ሆስፒታል ሲተኛ ማለዳ ማለዳ ሳሙናና ምላጭ ይዞ እየመጣ የሚላጨው አባቴ እንደነበር፣ ያኔ መላጨት ጨርሶ እንደማይችል፣ በሱ ፊት ላይ እየቆረጠ፣ ደም ማቆሚያ ሸብ እያሸ፣ እያለቀሰ እንደተማረ ነገረን። አጥንቱ ሲሰነጠቅ ድምፁን በጆሮዬ ሰምቻለሁ ብሎ ከዚያ ወዲያ ጓንት አልነካም። ከዳነ በኋላ ግርማ ቢፈልገው ከድሬዳዋ ጠፍቷል።

«ሸምሱ እግር አለው። እኔም ቡጢ አለኝ» አለ። «ሰባቱም ያለው ግን አንድ ሰው ነው የማውቀው።»

አባቴ ዓይኑን በኮቱ እጅጌ ጠረገ። ከዚያ ምላጩን ቀበቶው ላይ ሁለት ጊዜ ሳለና ወንበሯን መታ መታ አድርጎ ወደ ሁለቱ ተከራካሪዎች ዞረ። «ተረኛ!» አለ።

የግርማም የሸምሱም ስም ስላልተጠራ የሁለቱም ሪዝ ሄደ። ቤቱ በሳቅ ሊፈርስ ነበር። ጋሽ ተክሌ ማታ ቤታቸው ሲገቡ ባለቤታቸው በሩን ገርበብ አድርገው ማንን ፈልገው ነው አሏቸው ተባለ፤ ጋሽ ሙዘይንን ደግሞ ደንበኞቻቸው አንድ ሳምንት ሙሉ ባለቤቱ የሉም ወይ እያሉ ሲጠይቋቸው ከረሙ። እኔ ያን ቀን ማንንም ሳልጠይቅ ወንበሯ ላይ ወጣሁና መስታወቱ ላይ በሳሙና «ላቀው» ብዬ ጻፍኩ፤ ፊደሎቼ እኩል አልነበሩም። አባቴ ተቆጣ፤ ማታ ይጠረጋል አለ። ማታ እርጥቡን ጨርቅ ይዞ ግርማን ጠረገ፣ ሸምሱን ጠረገ፣ ሰባቱን አንድ በአንድ ጠረገ፤ ከስሙ ሲደርስ ዞሮ አለፈው። ፀጉር ቤቷ እስክትፈርስ ድረስ ዞሮ ነው ያለፈው።

«እማዬ፣ ተራችን ደረሰ» አለኝ የልጅ ልጄ። ወንበሩ ላይ አስቀመጥኩት። ቆራጩ ልጅ ጆሮው ላይ ማዳመጫ ሰክቷል፤ ተረኞቹ በየስልካቸው አቀርቅረዋል፤ ምላጭ ሳያርፍባቸው ሁሉም ዝም ብለዋል። እኔም ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ጮክ ብዬ «እስከ ዛሬ ከነበሩት ሁሉ ሙሉው ቦክሰኛ አባቴ ነበር!» አልኩ።

አንዱ ቀና ብሎ ፈገግ አለልኝና ወደ ስልኩ ተመለሰ። ሌሎቹ አልሰሙኝም። ጋሽ ተክሌ ቢኖሩ ኮታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይነሱብኝ ነበር፤ ጋሽ ሙዘይንም ሳይቸኩሉ ምስክር አለሽ ወይ ይሉኝ ነበር። ረታሁ እንግዲህ። እንደዚያ የተመኘሁት ነገር፣ አንድ እንኳን የሚከራከረኝ ሰው ጠፍቶ፣ ዝም ብሎ የኔ ሆነ።