ዘለው የሚማሩ ልጆች

ድሬዳዋ ሁለተኛ ክፍል እንዳስተምር ስመደብ ገና ሃያ ዓመቴ ነበር። ጠዋት ጠዋት ሁሉም ደህና ነው። ከምሳ በኋላ ግን የቆርቆሮው ጣሪያ ሙቀቱን ይለቅብንና ልጆቹ አንድ በአንድ ዴስኩ ላይ ድፍት ይላሉ። ብጮህ፣ ሰሌዳውን በማስመሪያ ብደበድብ፣ ማን ሊነቃ!

ከሁሉም የምታሳስበኝ ከመጋላ ሰፈር የምትመጣ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነበረች። ቤታቸው የሚነገረው ሶማልኛ ነው፤ አማርኛ ትሰማለች እንጂ አትናገርም። «ለ» እና «ሰ»ን እስከ ጥር ድረስ አልለየችም።

አንድ ቀን ከሰዓት እንሽላሊት ከጣሪያው መሀላችን ዱብ አለች። ልጆቹ ወንበር ላይ ዘለሉ፣ ተንጫጩ፣ ሳቁ። እንሽላሊቷ ወጥታ ስትሄድ ተስፋ ሳላደርግ ንባቡን ቀጠልኩ። የማየውን ማመን አቃተኝ። ሁሉም ዓይናቸውን አፍጥጠው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነቡ ጀመር።

«ዝላዩ ነው ያነቃቸው» አልኩ ለራሴ።

በማግስቱ እንቅልፉ ሲጀምራቸው ሁሉንም አስነሳኋቸው። እየዘለልን ቀኝ እጅ በግራ ጉልበት፣ ግራ እጅ በቀኝ ጉልበት። መጀመሪያ እርስ በርስ ተጋጩ። እኔ «አንድ፣ ሁለት» ስል ያቺ ልጅ ሳታስበው «ኮው፣ ለባ፣ ሰዴህ!» ብላ በሶማልኛ ቆጠረች። ክፍሉ በሙሉ ተከተላት። ቀጥለን ፊደል ሆንን። እግር ከፈት ሲል «ለ»፣ አንድ እጅ ከራስ በላይ ቀጥ ሲል «ሰ»።

ሳምንት ሳይሞላን በሩ ተከፈተና ዳይሬክተሩ ገቡ። ቁጡ ሽማግሌ ናቸው።

«አንቺ፣ ይሄ ትምህርት ቤት ነው ወይስ የሁርሶ ጦር ማሰልጠኛ?»

«ጌታዬ፣ እንቅልፋቸውን እያባረርኩላቸው ነው» አልኩ።

«በዝላይ?»

ልጅቷ ወጥታ ፊታቸው ቆመች። እግሯን ከፍታ «ለ!» አለች። እጇን ሽቅብ አንስታ «ሰ!» አለች። ከዚያ ዞር ብላ ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን «ሰላም ለልጆች» ቀስ እያለች እስከ መጨረሻው አነበበች። በአማርኛ ስታነብ ስሰማት የመጀመሪያዬ ነበር። እንባዬ መጣ።

ዳይሬክተሩ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና፣

«እስቲ ለኔም አሳዩኝ» አሉ።

ቀኝ እጃቸውን በቀኝ ጉልበታቸው ላይ አሳረፉ። «እሱ አይደለም!» ብላ ልጅቷ እጃቸውን ይዛ ወደ ግራው ወሰደችው። ክፍሉ ትንፋሹን ዋጠ። እሳቸው ግን ሳቃቸውን ለቀቁት፤ እኛም አብረን ሳቅን።

ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ የከሰዓቱ ደወል ሲደወል ትምህርት ቤቱ በሙሉ ግቢ ወጥቶ ይዘል ጀመር። የሒሳብ አስተማሪው ብቻ በአቧራው ሲነጫነጭ ከረመ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል የልጅቷ እናት መጣች። ደንግጬ ተቀበልኳት።

«ልጄ ቤት ሁሉ ፊደል አደረገች» አለችኝ በገበያ በለመደችው አማርኛ፣ እየሳቀች። «ታናናሾቿን ታቆማለች። ትናንት ደግሞ አባቷን፣ በሽርጡ፣ ‹ሰ› አደረገችው!»

ተቃቅፈን በሩ ላይ ሳቅን።